ያልተዘጋው ቧንቧ፦ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ልብ የትኛው መድኃኒት ይሻላል?

ቬስትሊ በኦስሎ የምድር ባቡር የግሩሩድ መስመር የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ጣቢያው በሚገኝበት በስቶቭነር ክፍለ ከተማ ከሚኖረው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱ ወይም ወላጆቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦችም በመካከሉ ይኖራሉ። ኖርዌይ ከ2003 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንዳንድ መድኃኒቶች ከፋርማሲ ውጭ በምግብ መደብሮችም እንዲሸጡ ፈቅዳለች። በመሆኑም ወተትና ዳቦ ሊገዛ የገባ የቬስትሊ ነዋሪ ኢቡክስና ፓራሴት የተባሉትን ማስታገሻዎች ከሒሳብ መክፈያው አጠገብ ያገኛቸዋል። ኢቡክስ ኢቡፕሮፌን ነው፤ ፓራሴት ደግሞ በአገር ቤት ሁሉም የሚያውቀው ፓራሲታሞል ነው።

እነዚሁ ሁለት መድኃኒቶች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎች በሚታከሙባቸው የጽኑ ሕክምና ክፍሎች ፈጽሞ ሌላ ሥራ አላቸው። በዚያ የሚሰጡት ትኩሳት ለማብረድ ወይም ራስ ምታት ለማስታገስ ሳይሆን፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ እንኳ ባልሞላ ሕፃን ልብ አጠገብ ክፍት የቀረን አንድ የደም ቧንቧ ለመዝጋት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል፣ ከእነርሱ በፊት ከነበረው ኢንዶሜታሲንስ ጋር ሲነጻጸሩ እንዴት እንደሆኑ ሐኪሞች ለአሥርተ ዓመታት ሲመራመሩ ኖረዋል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጡት ትልልቅ ጥናቶች ግን ክርክሩን ወደ ሌላ ጥያቄ አዙረውታል፦ ለመሆኑ ቧንቧውን በመድኃኒት ለመዝጋት መቸኮል ለሕፃኑ ይጠቅመዋልን?

ጉዳዩን ለመረዳት ከማሕፀን መጀመር ያስፈልጋል። ጽንስ በማሕፀን ሳለ አየር አይተነፍስም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ከእናቱ ነው። ሳንባው ገና ሥራ ስላልጀመረ ብዙ ደም አያስፈልገውም። ስለዚህ ከልቡ ወደ ሳንባ ከሚያመራው ደም አብዛኛው በአንድ አጭር ቧንቧ አቋርጦ ወደ አኦርታ፣ ማለትም ለመላው ሰውነት ደም ወደሚያደርሰው ትልቁ ቧንቧ ይገባል። የአቋራጩ የሕክምና ስም ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ነው። በቀኑ የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያውን ትንፋሽ ሲስብ በደሙ ያለው ኦክስጅን ይጨምራል፤ ቧንቧውን ክፍት አድርጎ ያቆየው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። ቧንቧው ተኮማትሮ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘጋል።

ገና በሃያ አምስትና በሃያ ስድስት ሳምንት የተወለደ ሕፃን ሰውነት ግን ለዚህ ለውጥ አልተሰናዳም። ቧንቧው ለፕሮስታግላንዲን ያለው ስሜት ከፍተኛ ሲሆን ጡንቻውም ደካማ ስለሆነ በብዙዎቹ ላይ ክፍት ይቀራል። ከውልደት በኋላ በአኦርታ ያለው ግፊት በሳንባ በኩል ካለው ስለሚበልጥ የደሙ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ለሰውነት መድረስ የነበረበት ደም ተመልሶ ወደ ሳንባ ይፈስሳል። በዚህ ጊዜ አስቀድሞም ያልጠነከረው ሳንባ በደም ይጨናነቃል፤ አንጀት፣ ኩላሊትና አንጎል ደግሞ ከድርሻቸው ያነሰ ያገኛሉ። ቧንቧቸው ሰፍቶ ክፍት የቀረባቸው ሕፃናት ሥር በሰደደ የሳንባ ችግር፣ በአንጀት መቁሰልና በአንጎል ውስጥ መድማት አብዝተው እንደሚጠቁ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ አስተውለዋል። ከዚህም ቧንቧው ከተዘጋ ሕፃኑ ይድናል የሚል እምነት ተወለደ። እምነቱ ለአእምሮ የሚቀርብ ነበር፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ የተሽከረከረውም በዚሁ ላይ ነው።

ቧንቧውን መጀመሪያ የዘጋው ቢላዋ ነው። በ1938 ሮበርት ግሮስ የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም በቦስተን የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ደረት ከፍቶ ቧንቧውን በክር አሰረው፤ ልጅቱም ዳነች። ለጨቅላ የሚሆነው መድኃኒት የመጣው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ የዚያም መነሻ ከኖርዌይ ጎረቤት ከስዊድን ጋር የተያያዘ ነው። ፕሮስታግላንዲን የሚለውን ስም በ1930ዎቹ ያወጣው ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር ሲሆን፣ የአገሩ ልጆች ሱኔ በርግስትረምና ቤንግት ሳሙኤልሰን የንጥረ ነገሩን ጠባይ አብራርተው ገለጡ። እንግሊዛዊው ጆን ቬይን ደግሞ በ1971 አስፕሪንና መሰሎቹ ማስታገሻዎች የሚሠሩት ሰውነት ፕሮስታግላንዲን እንዳያመርት በመከልከል መሆኑን አሳየ። ሦስቱ በ1982 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ፕሮስታግላንዲን ቧንቧውን ክፍት የሚያደርግ ከሆነ፣ ፕሮስታግላንዲንን የሚከለክል ማስታገሻ ሊዘጋው ይገባል ማለት ነው። በ1976 በካሊፎርኒያ የነበሩ ሁለት የሐኪሞች ቡድኖች፣ አንዱ ከሳን ዲየጎ ሌላው ከሳን ፍራንሲስኮ፣ ኢንዶሜታሲን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በእርግጥ እንደሚዘጋው በአንድ መጽሔት ላይ በአንድ ጊዜ ይፋ አደረጉ።

ይህ ዕውቀት በሆስፒታል ብቻ የሚቀር አይደለም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ኢቡፕሮፌን ብትወስድ መድኃኒቱ በማሕፀን ያለውን የጽንስ ቧንቧ ያለ ጊዜው ሊዘጋው ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ቧንቧው ለጽንሱ ሕይወቱ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 ነፍሰ ጡሮች ከሃያኛው ሳምንት ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከእነዚህ ማስታገሻዎች እንዲርቁ ያሳሰበው፣ የጽንሱን ኩላሊት በመጉዳት በዙሪያው ያለውን የሽርት ውኃ ስለሚቀንሱም ጭምር ነው። በምግብ መደብር መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ለሁሉም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ የማይጎዳ ነው ማለት አይደለም።

ወደ ጨቅላዎቹ ስንመለስ፣ ኢንዶሜታሲን ቧንቧውን ይዘጋል እንጂ የሚያኮማትረው ቧንቧውን ብቻ አይደለም። ወደ ኩላሊት፣ ወደ አንጀትና ወደ አንጎል የሚሄደውንም ደም ይቀንሳል፤ የብዙ ሕፃናት ሽንት ስለሚቀንስ ሐኪሞች ሌላ ፍለጋ ጀመሩ። ኢቡፕሮፌን የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በ2000 በቤልጂየም 148 ጨቅላዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተካሄደ ጥናት፣ ኢንዶሜታሲን ከተሰጣቸው 66 በመቶው፣ ኢቡፕሮፌን ከተሰጣቸው ደግሞ 70 በመቶው ቧንቧቸው መዘጋቱን አገኘ። በመዝጋት ረገድ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ በኩላሊት ላይ ታየ፦ ሽንታቸው በእጅጉ የቀነሰው በኢንዶሜታሲን ቡድን 14፣ በኢቡፕሮፌን ቡድን 5 ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተከማቹ ጥናቶችም ኢቡፕሮፌን ለአንጀትም ከኢንዶሜታሲን እንደሚሻል አሳይተዋል፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮችም ቦታውን ወሰደ።

ሦስተኛው መድኃኒት የመጣው በአጋጣሚ ነው። በኢየሩሳሌም በሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች በሌላ ምክንያት ፓራሲታሞል የተሰጠው ሕፃን ቧንቧው እንደተዘጋ አስተዋሉ። ሌላ ሕክምና ሊያገኙ ያልቻሉ ወይም ያልሠራላቸው አምስት ሕፃናት በዚሁ መድኃኒት ታክመው የሁሉም ቧንቧ በ48 ሰዓት ውስጥ መዘጋቱን በ2011 ይፋ አደረጉ። አምስት ሕፃናት ለማስረጃነት ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ዜናው በፍጥነት ተሰማ። ፓራሲታሞል ፕሮስታግላንዲን የሚመረትበትን ኤንዛይም የሚይዘው ኢቡፕሮፌን ከሚይዝበት በተለየ ስፍራ ነው፤ ኩላሊትንና የሆድ ዕቃን የሚጎዳውም ባነሰ መጠን ነው። በ2014 ከቱርክ የወጣ ጥናት በአፍ ከሚሰጥ ኢቡፕሮፌን ጋር አነጻጽሮት፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ቧንቧቸው የተዘጋላቸው በኢቡፕሮፌን 77.5 በመቶ፣ በፓራሲታሞል 72.5 በመቶ መሆናቸውን ዘገበ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊፈጠር ከሚችለው አያልፍም። ይሁን እንጂ እጅግ ቀድመው በተወለዱት ላይ፣ እንዲሁም ልጆቹ ካደጉ በኋላ ስለሚያስከትለው ነገር ያለው መረጃ ገና ስስ ነው።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ንጽጽሮች በዓለም ዙሪያ በዙ። በ2018 በካናዳ ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን 68 ጥናቶችን፣ 4,802 ሕፃናትን በአንድ ላይ ደምሮ አሥራ አራት ዓይነት የሕክምና አሰጣጦችን እርስ በርስ አወዳደረ። በመዝጋት ረገድ ብልጫ ያሳየው ከፍ ባለ መጠን በአፍ የሚሰጥ ኢቡፕሮፌን ነበር። የመድኃኒቶቹን ደረጃ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስላል። ዳሩ ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ከደረጃው ይልቅ ክብደት ያለው አንድ ግኝት ነበረ፦ ምንም መድኃኒት ያልተሰጣቸው ወይም ማስመሰያ ብቻ የተሰጣቸው ሕፃናት በሞት፣ በአንጀት መቁሰልም ሆነ በአንጎል መድማት ከታከሙት አልባሱም።

ምልክቱ ቀደም ብሎም ነበር። በ2001 የታተመ፣ ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ በታች የሆኑ 1,202 ሕፃናትን ያሳተፈ ዓለም አቀፍ ጥናት ኢንዶሜታሲንን ገና ከመጀመሪያው ቀን ለመከላከያ ሰጥቶ ነበር። ቧንቧው ክፍት የቀረባቸው ሕፃናት ከ50 በመቶ ወደ 24 በመቶ ወረዱ፤ ከባድ የአንጎል መድማትም ከ13 ወደ 9 በመቶ ቀነሰ። ሕፃናቱ አሥራ ስምንት ወር ሲሞላቸው ግን የሞቱት ወይም የአካልና የአእምሮ ጉዳት የደረሰባቸው ኢንዶሜታሲን ከተሰጣቸው 47 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 46 በመቶ ሆኑ። መድኃኒቱ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ የልጆቹ ዕጣ ግን አልተለወጠም። ብዙ ሐኪሞች ይህን ውጤት ለመቀበል ተቸግረው እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ በአልትራሳውንድ መስኮት ላይ ሲዘጋ በዓይን የሚታይ ነገር ከቁጥር ይልቅ ያሳምናልና።

ታዲያ ቧንቧው ሳይነካ ቢተው ምን ይሆናል? በፕራግና በደብሊን የሚገኙ ሐኪሞች በ2017 ያወጡት ክትትል የሚያረካ መልስ ሰጥቷል። ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች በሆኑ፣ ለቧንቧው መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም ባልተሰጣቸው ሕፃናት ላይ ቧንቧው ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት በ85 በመቶው ራሱን ዘጋ። በሠላሳ ሳምንትና ከዚያ በላይ ለተወለዱት ግማሾቹ የዘጉት በ6 ቀን ውስጥ ነው፤ ከሃያ ስድስት ሳምንት በፊት ለተወለዱት ግን ግማሾቹ እስኪዘጉ 71 ቀን ፈጅቷል። ሰባ አንድ ቀን በማሞቂያ ሣጥን አጠገብ ለተቀመጠች እናት ረጅም ዘመን ነው።

ቁርጡ የታወቀው ግን በዕጣ በተካሄዱት ሁለት ሰሞነኛ ጥናቶች ነው። የመጀመሪያው በኔዘርላንድስ፣ በቤልጂየምና የኖርዌይ ጎረቤት በሆነችው በዴንማርክ የተካሄደና በ2023 የታተመው ነው። ከሃያ ስምንት ሳምንት በፊት የተወለዱ፣ ቧንቧቸው ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ 273 ሕፃናት ገሚሶቹ ወዲያው ኢቡፕሮፌን ተሰጣቸው፤ ገሚሶቹ በክትትል ብቻ ቆዩ። የሞቱት፣ አንጀታቸው የተጎዳው ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ችግር ያደረባቸው ተደምረው በክትትል ከቆዩት 46.3 በመቶ፣ መድኃኒት ከተሰጣቸው 63.5 በመቶ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ ተስፋ ያደረጉት መጠበቅ ከመድኃኒቱ እንደማያንስ ማሳየት ብቻ ነበር። በሁለተኛው፣ በብሪታንያ 653 ሕፃናትን አሳትፎ በ2024 በወጣው ጥናት፣ የሞቱት ወይም መካከለኛና ከባድ የሳንባ ችግር ያገኛቸው ከኢቡፕሮፌን ቡድን 69.2 በመቶ፣ ከማስመሰያው ቡድን 63.5 በመቶ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ በብሪታንያው ጥናት ማስመሰያ ከተሰጣቸው አንዳንዶቹ ሁኔታቸው ሲከፋ በኋላ መድኃኒቱን አግኝተዋል፤ ስለዚህ ጥናቱ መድኃኒቱ ለማንም አይበጅም አላለም። ያለው፣ ቧንቧው ሰፊ ስለሆነ ብቻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሁሉም መስጠት ጥቅም አላስገኘም ነው።

ቧንቧው የበሽታው ምክንያት ሳይሆን የሕፃኑ ያለመጠንከር አንድ ምልክት ብቻ ሊሆን እንደሚችል አሁን በሰፊው ይታመናል። የቀረው ጥያቄ የትኛው ሕፃን ነው በእርግጥ በቧንቧው የሚጎዳው የሚለው ነው። ከመተንፈሻ መሣሪያ መላቀቅ ያልቻለ፣ ልቡ የሰፋ፣ የደም ግፊቱ የወረደ ሕፃን በመድኃኒት ሊረዳ ይችላል፤ መድኃኒት ካልሠራም ቧንቧውን በቀዶ ማሰር ወይም በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ትንሽ መድፈኛ ማኖር ይቻላል። አሜሪካ በ2019 ከ700 ግራም ጀምሮ ላሉ ሕፃናት የሚሆን መድፈኛ ፈቅዳለች። በኖርዌይ የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና በኦስሎ በሪክስሆስፒታሌት የተሰባሰበ ነው።

ኦስሎ እንዲህ ዓይነቱን ትምህርት ቀድማ የቀመሰች ከተማ ናት። ሲወለድ ትንፋሽ ያቃተው ሕፃን ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠው የሚለው ልማድ ዓለምን ሁሉ ይገዛ በነበረበት ዘመን፣ የሪክስሆስፒታሌቱ ፕሮፌሰር ኡላ ዲድሪክ ሳውግስታድ ተራ አየር ይበቃ ይሆን ወይ ብለው ጠየቁ። በ1998 በእርሳቸው መሪነት በስድስት አገሮች የተካሄደው ጥናት ተራ አየር ከንጹሕ ኦክስጅን እንደማያንስ አሳየ፤ ኋላ የተደመሩት ጥናቶች ደግሞ በተራ አየር የታገዙት ሕፃናት ሞት ያነሰ መሆኑን አመለከቱ። በ2010 በቀናቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ዓለም አቀፉ መመሪያ ተለወጠ። እጅግ ቀድመው ለሚወለዱት ስሌቱ ሌላ ነው። ቢሆንም የሚበዛው ሕክምና ሁሉ የሚሻለው አይደለም የሚለው ሐሳብ ለዚህች ከተማ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም።

ለወላጅ ግን ጉዳዩ እንዲህ የቀለለ አይደለም። የስቶቭነር ነዋሪዎች ሆስፒታል ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሎረንስኩግ የሚገኘው የአከሽሁስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። የልጃቸው ልብ አጠገብ ክፍት ቧንቧ እንዳለ ተነግሯቸው፣ በዚያው አፍታ ለአሁኑ ምንም አንሰጠውም፣ እንከታተለዋለን የሚል ቃል የሚሰሙ አባትና እናት ምን እንደሚያስቡ መገመት ይቻላል። በተለይ ሐኪም መድኃኒት ሳያዝ መሸኘትን እንደ ቸልታ ከሚቆጥር አገር ለመጣ ሰው፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ የሚሰማው መጠበቅ የሚለው ቃል ችላ ተባልን ከሚለው እምብዛም አይርቅም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ክትትል ማለት በየጊዜው የልብ አልትራሳውንድ ማንሣት፣ የሚሰጠውን ፈሳሽ መመጠን፣ የመተንፈሻውን ግፊት ማስተካከል፣ ሽንትንና የደም ግፊትን መመዝገብ ነው። ቧንቧው ምን ያህል ሰፊ ነው፣ ልቡን ወይም ሳንባውን እየጎዳ ለመሆኑ ምን ምልክት አለ፣ ሐሳባችሁን የሚያስለውጠው ምን ሲታይ ነው ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። በኖርዌይ ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ የመንግሥት ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ልጆችን ለአስተርጓሚነት መጠቀምን ደግሞ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ይከለክላል። ኖርስክ የሚናገር ታላቅ ወንድም ወይም እኅት በቤት ውስጥ ቢኖርም እንዲህ ያለውን ወሬ ለማስተርጎም አይደለም።

ተመሳሳዩን ጥያቄ ወደ ኢትዮጵያ ሲወስዱት መልኩ ይለወጣል። በፕሮፌሰር ሉሉ ሙሔ የተመራው ቡድን ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲና በቅዱስ ጳውሎስ፣ እንዲሁም በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ወደ ጨቅላዎች ሕክምና ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት መካከል 1,109ኙ፣ ማለትም 29 በመቶው ሃያ ስምንት ቀን ሳይሞላቸው ሞቱ። ከሟቾቹ 45 በመቶው በሳንባ አለመጠንከር፣ 30 በመቶው በደም፣ በሳንባና በአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን፣ 14 በመቶው በመታፈን ነው የሞቱት። ክፍቱ ቧንቧ የሳንባውን ችግር ሊያባብስ ይችላል፤ ግን ከዋነኞቹ ገዳዮች ተራ አልቆመም።

ፓራሲታሞል ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ በአፍም ይሰጣል፤ ስለዚህ ሀብት ላነሳቸው አገሮች የተላከ ስጦታ አስመስለው የጻፉለት አሉ። ስጦታው ግን ያለ ልብ አልትራሳውንድና ያንን ማንበብ ከሚችል ባለሙያ ጋር ካልመጣ፣ ለየትኛው ሕፃን እንደሚሰጥ የሚያውቅ አይኖርም። ቧንቧው ክፍት መሆኑ የታወቀለት ሕፃንም ቢሆን በብዙ ሁኔታ ያለ መድኃኒት እንደሚዘጋለት የአውሮፓዎቹ ጥናቶች አሳይተዋል፤ እስኪዘጋ ድረስ በሕይወት የሚያቆየው ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያስተባበረውና በ2021 የታተመው ጥናት፣ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሆኑ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ ወዲያው በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ሲታቀፉ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ከ15.7 በመቶ ወደ 12 በመቶ መውረዳቸውን መዝግቧል። ለዚያ ያስፈለገው ከጨቅላው አጠገብ ለእናቱ የሚሆን አልጋ ነበር።